ማታ ድንኳን ውስጥ የመልስ ቪዲዮ፣ ላይቱን የት ላቁመው?

ጀማሪ_ካሜራማን፦
ሰላም ቤተሰብ እስቲ እርዱኝ። ቅዳሜ መልስ አለብኝ፣ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ማታ ነው፣ ያለው መብራት ሁለት ቢጫ አምፖልና የዲጄው ከለር ላይት ብቻ። ካሜራዬ ሶኒ ኤ7 3፣ ሌንሴ አብሮት የመጣው 28-70። ካሜራው ላይ የምትሰካ ትንሽ ኤልኢዲ አለችኝ ግን ሳበራት ፊት ያለው ሰው ይነጣል ከኋላ ያለው ይጨልማል፣ እናቶችም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን) ስጨምር ደግሞ ኖይዝ፣ ምስሉ ነጠብጣብ ይሞላዋል። ምን ይሻላል?

የማታ_ቀረፃ፦
ወንድሜ እሷን ተዋት። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ነው የሚሆነው፣ 1 ሜትር ላይ ያለው ሲቃጠል 4 ሜትር ላይ ላለው የሚደርሰው 1/16 ነው፣ ችግርህ እሱ ነው። ሁለት ፓናል (ጠፍጣፋ ትልቅ ኤልኢዲ ላይት) ተከራይና ረጅም ስታንድ ላይ ከሙሽሮቹ ወንበር ግራና ቀኝ ራቅ አርገህ አቁም፣ ሸራው ነጭ ከሆነ ወደ ጣሪያ አዙረው፣ ለስልሶ ነው የሚወርደው ማንንም አይረብሽም። በባትሪ የሚሰራ ይሁን፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ዳቦ ቆረሳው እንዳያመልጥህ። እግሩ ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን እሰርበት፣ ጭፈራ ሲደምቅ ይገፉታል።

ቀለም_ወዳጅ፦
ጣሪያው ነጭ ከሆነ ልክ ነው፣ ግን ዲኮሮቹ ቀይ ወይ ወርቃማ ጨርቅ ከዘረጉበት የሰው ፊት ያንኑ ቀለም ይዞ ይመጣል፣ ኤዲት ላይ ማስተካከሉ ይከብዳል። ያኔ ፓናሉን በሶፍትቦክስ (ብርሃኑን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሽፋን) በቀጥታ ተጠቀም። ፓናልህን 3200 ኬልቪን (ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን) አርገው ከአምፖሎቹ ጋር እንዲስማማ፣ ዋይት ባላንሱንም (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበትን) እዛው ቆልፈው፣ አውቶ ከተውከው በዲጄው ላይት ሲዋልል ያመሻል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርፅ ሸተር (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አርገው፣ 1/60 ካረግከው አንዳንድ ኤልኢዲ ይርገበገባል። ዲጄውንም ቀድመህ አናግረው፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁ ሰማያዊና ሐምራዊውን ከፊታቸው ያንሳላቸው፣ ለቤተሰቡ ከጭፈራው ይልቅ የሚቀረው ምርቃቱ ነው።

ጀማሪ_ካሜራማን፦
ተባረኩ! ብሩ ለአንዱ ብቻ ቢበቃኝ ላይት ወይስ ሌንስ?

የማታ_ቀረፃ፦
ለቅዳሜ ላይቱን ተከራይ፣ ከዛ 50 ሚሜ 1.8 ሌንስ ግዛ ውድ አይደለም። 1.8 የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ያንተ ሌንስ ዙም ስታረግ 5.6 ላይ ይደርሳል፣ 1.8 ከሱ ወደ 10 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ዜብራውንም (ከመጠን በላይ የነጣውን ቦታ ስክሪኑ ላይ በመስመር የሚያሳይህን) አብራ፣ የሐበሻ ቀሚሱ ነጩ ከተቃጠለ ጥለቱ ይጠፋል።