ክርክር፦ የተለጠፈው የቅናሽ ዋጋ ለገዢው ሁሉ መክፈያው ላይ ይሰጥ?

አወያይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ መደብሮች ከታንክስጊቪንግ (በኖቬምበር መጨረሻ ከሚከበረው የምስጋና በዓል) እስከ አዲስ ዓመት ድረስ በትልልቅ ፊደል የሚለጥፉትን የቅናሽ ዋጋ፣ ዋጋ የሚያስቀንስ ኩፖን በስልኩ ያልጫነና ፎርም በፖስታ ያልላከ ገዢም መክፈያው ላይ እንዲያገኘው ሕግ ሊያስገድዳቸው ይገባል? እኔ ይገባል ባይ ነኝ። ግራ እንዳንጋባ ዓመቶቹን ሁላችንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ።

ያነሳሳኝ እናቴ ላይ የደረሰው ነው። 71 ዓመቷ ነው። ለገና የምታነጥረውን ቅቤ የምትገዛው ሁልጊዜ በኖቬምበር መጨረሻ ነው። አሜሪካውያን ኬክና ብስኩት የሚጋግሩበት ወቅት ስለሆነ ቅቤ የሚረክሰው ያኔ ነው። ጾሙ ቢገባም ገዝታ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ባለፈው ሳምንት መደርደሪያው ላይ በቢጫ ወረቀት 2 ዶላር ከ49 ሳንቲም የሚል አይታ አምስት አነሳች። ቤት ገብታ ደረሰኙን ሳየው እያንዳንዱ በ4 ዶላር ከ99 ተቆጥሯል። ተመልሼ ሄጄ ወረቀቱን ሳነበው ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «በዲጂታል ኩፖን ብቻ» ይላል።

ልዩነቱ 12 ዶላር ከ50 ነው። ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ከኋላዋ የተሰለፈ ወጣት ያንኑ ቅቤ በዚያው ደቂቃ፣ ከዚያው ገንዘብ ተቀባይ፣ በግማሽ ዋጋ መውሰድ ይችል ነበር። እሷ ግን እንግሊዝኛ ስለማታነብና ስልኳ ተራ ስለሆነ ብቻ እጥፍ ከፈለች። በካሊፎርኒያ የሳን ዲዬጎ ከተማ ምክር ቤት ይህንኑ አይቶ በ2025 ደንብ አውጥቷል። በስልክ ቅናሽ የሚሰጥ የምግብ መደብር ያንኑ ቅናሽ ለሌላው ገዢ በወረቀት እንዲያቀርብ ያዝዛል። ይህ ለእኛም የማይሆንበትን ምክንያት ንገሩኝ።

የሦስት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ የእናትህ ነገር አንጀቴን በልቶታል። መፍትሔህ ግን የእኔን ኪስ ያራቁታል።

እሑድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። የአምራቹን ኩፖን ለብቻ፣ የመደብሩን ለብቻ፣ ደረሰኝ ፎቶ ተነሥቶ ሲላክለት ገንዘብ የሚመልሰውን መተግበሪያ ለብቻ አያለሁ። ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ እደርባለሁ። ዘንድሮ ለሁለቱ ልጆቼ የክረምት ጃኬት ገዛሁ። የአንዱ ዋጋ 80 ዶላር ነበር። በሳምንቱ ቅናሽ 48 ሆነ፤ በእጄ በነበረው የ15 በመቶ ኩፖን 40 ዶላር ከ80 ገባ። በዚያ ላይ ለሚቀጥለው ግዢ የሚሆን የ10 ዶላር ወረቀት ሰጡኝ፤ በእሱ ለትንሹ ጓንትና ኮፍያ ወሰድኩ። ይህን ያደረግሁት ሌሊት ከሥራ ተመልሼ ነው። ጊዜዬን ከፍዬ ያገኘሁት ነው እንጂ ማንም በስጦታ አልሰጠኝም።

ለሁሉም ይሰጥ የተባለ ቅናሽ ደግሞ ቅናሽ መሆኑ ይቀራል። መደብሩ 80 የነበረውን 60 ብሎ ይለጥፈዋል። ጊዜ የሌለው ሀብታም 20 ዶላር ያተርፋል፣ እኔ ወደ 20 ዶላር እከስራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ሰው የቀን መቁጠሪያችን የሰጠንን ጥቅም አይጠቀምበትም። አሜሪካውያን ገናቸውን አክብረው ባደሩ ማግስት፣ ዲሴምበር 26፣ መብራቱም መጠቅለያውም መጫወቻውም በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይወርዳል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ገና 12 ቀን ይቀረናል። የልጆቼን የገና ስጦታ ከዲሴምበር 26 በፊት ገዝቼ አላውቅም። አገር ቤት የሚሄደውን የ23 ኪሎ ሻንጣም የምሞላው በዚያው ሳምንት ነው።

የልብስ መደብር ሠራተኛ፣ ፌርፋክስ

እህቴ ያለችው በተግባር ተሞክሮ ታይቷል። ጄሲ ፔኒ የተባለው ትልቅ የመደብር ሰንሰለት በ2012 መጀመሪያ ኩፖኑንና የየሳምንቱን ቅናሽ አስቀርቶ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዝቅተኛ ዋጋ እለጥፋለሁ አለ። ሐሳቡን ያመጣው ከአፕል መደብሮች የመጣው ሥራ አስኪያጅ ሮን ጆንሰን ነበር። በዚያ ዓመት ሽያጩ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ 13 ቢሊዮን ግድም ወረደ፣ አንድ አራተኛው ጠፋ ማለት ነው። በኤፕሪል 2013 ሥራ አስኪያጁ ተነሣ፣ ኩፖኑም ተመለሰ። ገዢው ራሱ «ስንት ቀነስኩ» ብሎ ማየት ይፈልጋል። መክፈያው ላይ ቆሜ በየቀኑ የማየው ነው፤ ብዙ ሰው ደረሰኙን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው የከፈለውን ሳይሆን ከግርጌ «ያተረፉት» የሚለውን ቁጥር ነው።

ይህን ስል ግን መደብሮቹን ንጹሕ አላደርጋቸውም። ያ 80 ዶላር ማን ከፍሎት ያውቃል? የሎስ አንጀለስ ከተማ ጠበቃ በዲሴምበር 2016 ጄሲ ፔኒን፣ እንዲሁም ኮልስ፣ ሜሲስና ሲርስ የተባሉትን መደብሮች የከሰሰው በዚህ ነበር። «የቀድሞ ዋጋ» ብለው የሚሰርዙት ቁጥር ዕቃው በእውነት የተሸጠበት ዋጋ አይደለም ብሎ ነው። እህቴ፣ ጃኬቱን በ40 ማግኘትሽ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከ80 ወረደ ብለሽ አታስቢ።

የሂሳብ ሠራተኛ፣ ሴንት ፖል

እስካሁን ስለ ኩፖን ነው የተወራው። ለእኔ ትልቁ በደል በፖስታ የሚጠየቀው ተመላሽ ገንዘብ ነው፣ ሪቤት የሚሉት። ኩፖን ቢያንስ ከመክፈልህ በፊት ይቀንሳል። ሪቤት ግን ሙሉውን ያስከፍልህና ገንዘብህን መልሰህ እንድትለምን ያደርግሃል።

አሠራሩን ላስረዳ። ማስታወቂያው «100 ዶላር» ይላል። ከሥሩ በትንሹ «ከ50 ዶላር ተመላሽ በኋላ» የሚል አለ። መክፈያው ላይ 150 ትከፍላለህ። የሽያጭ ታክሱም የሚሰላው በ150ው ላይ ነው። በሜሪላንድ ታክሱ 6 በመቶ ስለሆነ 9 ዶላር ይሆናል፤ በእርግጥ 100 ብትከፍል 6 ዶላር ነበር። ያቺ 3 ዶላር አትመለስም። ከዚያ ባርኮዱን ከካርቶኑ ላይ በመቀስ ቆርጠህ፣ ደረሰኙን አያይዘህ፣ ፎርሙን ሞልተህ፣ ቀኑ ሳያልፍ ትልካለህ። ባርኮዱን የቆረጥክ ቀን ደግሞ ዕቃው ቢበላሽ መደብሩ መልሶ ላይቀበልህ ይችላል፤ ካርቶኑ ጎድሏላ። ስለዚህ ዕቃው ደኅና መሆኑን ለማየት ትጠብቃለህ፤ ስትጠብቅ ቀኑ ያልፋል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። በንግዱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሳይጠየቅ ለሚቀረው ገንዘብ «ብሬኬጅ» የሚል ስም አላቸው፣ አስቀድመውም በሂሳባቸው ውስጥ ያስገቡታል። የአንተ መርሳት ለእነሱ ገቢ ነው።

እኔ ራሴ ለአንድ ማተሚያ ማሽን 50 ዶላር ተመላሽ ጠይቄ ከሰባት ሳምንት በኋላ አንዲት ካርድ መጣችልኝ። «ዋናው ደረሰኝ አልተያያዘም» ትላለች። ዋናውን ነበር የላክሁት፤ በእጄ የቀረው ቅጂው ነው። ሂሳብ መያዝ ሥራዬ ነው፤ ለእኔ እንዲህ ከሆነ ለሌላው እንዴት እንደሚሆን አስቡት። ገንዘቡ ሲመጣም ብዙ ጊዜ በቼክ አይመጣም። በጥቂት ወራት ውስጥ ጊዜው በሚያልፍ የቅድመ ክፍያ ካርድ ነው የሚመጣው። የ2009 ሕግ የስጦታ ካርድ ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንዲያገለግል ሲያዝዝ፣ ለማስተዋወቂያ የሚሰጡ ካርዶችን ከዚህ ነጻ አድርጓቸዋል።

ሕግ ዋጋ ያስወድዳል ለምትሉ መልስ አለኝ። በኮነቲከትና በሮድ አይላንድ ሱቅ ከሪቤት በኋላ ያለውን ዋጋ በማስታወቂያ ካወጣ፣ ያንን ዋጋ መክፈያው ላይ መስጠት አለበት። መደብሮቹ ከእነዚያ ክፍለ ግዛቶች ለቀው አልሄዱም። ቤስት ባይም፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሚኒሶታ ያለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር፣ በ2005 የፖስታ ተመላሽን በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚያስቀር አስታውቋል፤ የገዢው ምሬት በዝቶበት ነው። በዚያው ዓመት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኮምፕዩኤስኤ የተባለውን የኮምፒውተር መደብር ከሶታል። አንድ አምራች ተመላሹን እንደማይከፍል እያወቀ ሪቤቱን ማስተዋወቁን ቀጥሏል ብሎ ነው።

ተማሪ፣ አትላንታ

እኔ በሕጉ አልስማማም። መተግበሪያው ነጻ ነው። እናቴ በዋትስአፕ አዲስ አበባ ትደውላለች፣ የቅዳሴ ቪዲዮ ታያለች። ኩፖን መጫን ከዚያ አይከብድም። እኛ ልጆች ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን ብናሳያቸው የሚያልቅ ነገር ነው። አወያይም ደረሰኙን ለመመርመርና ተመልሶ ለመሄድ ካጠፋው ጊዜ ያነሰ ይወስድ ነበር።

ጡረተኛ፣ ዋሽንግተን ዲሲ

ልጄ፣ አንተ ለእናትህ ታሳያለህ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ልጅ የሌለውስ? ልጁ ሌላ ክፍለ ግዛት ያለስ? እኔ ያለሁበት ሕንፃ ውስጥ ብዙ አረጋውያን ብቻቸውን ይኖራሉ። መተግበሪያው ነጻ ነው ያልከውም ልክ አይደለም። ስልክ ቁጥርህን ይወስዳል፤ ምን እንደምትበላ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደምትገዛ፣ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ ይመዘግባል። ያ ክፍያ ነው። ላለመክፈል የመረጠ ሰው ቅቤ በእጥፍ መግዛት የለበትም።

መርካቶ ውስጥ ሃያ ዓመት ጨርቅ ሸጫለሁ። እዚያም ዋጋ ለሁሉም አንድ አልነበረም። ተከራክሮ የቆረጠ በርካሽ ይወስዳል፣ ያፈረ ይከፍላል። በዚህ እህታችን ያለችው እውነት አለው፤ ድካም ዋጋ አለው። ነገር ግን እኛ ስንሸጥ ገዢውን ፊት ለፊት እያየን፣ በቋንቋው ነበር። «መጨረሻው ስንት ነው?» ይለኛል፣ እነግረዋለሁ። የተስማማንበትን እዚያው እቀበላለሁ። እህል የሚሰፍረው ጎረቤቴም ምርቃቱን እዚያው ቁና ላይ ነበር የሚጨምረው። ምርቃት ለማግኘት ፎርም የሞላ ሰው አላየሁም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመደብር ክሬዲት ካርድ ነው። በበዓል ሰሞን መክፈያው ላይ «ዛሬ ካርዱን ካወጡ 20 በመቶ ይቀንሳል» ይላሉ። የፌዴራሉ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በ2024 መጨረሻ እንዳወጣው፣ የአብዛኞቹ የመደብር ካርዶች ከፍተኛ ወለድ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነው። የ600 ዶላር ዕቃ በ480 ወሰድክ እንበል። 120 አተረፍክ። ያ 480 ሳይነካ ዓመት ቢቆይ ወለዱ ከ140 ዶላር ይበልጣል። አንድ ወዳጄ እንዲህ ያሉ አራት ካርዶች በቦርሳው ይዞ፣ ለአገር ቤት ዘመድ የላከውን ጫማ ዕዳ እስከ ፋሲካ ሲከፍል አይቻለሁ። ሕግ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው ብትሉኝ ቀድሜ እፈርማለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ ስለ ካርዱ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔም አንዴ አውጥቼ በስንት መከራ ነው የዘጋሁት።

የሴንት ፖሉ ወንድሜ የጻፈውን ደግሞ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የፖስታ ተመላሽ ይቅር፣ ከቀረ አላዝንም። ባለፉት ዓመታት የላክኋቸውን ፖስታዎች መዝገቤ ላይ ቆጠርኳቸው፣ 11 ናቸው። የተመለሰልኝ ለ7ቱ ነው። ስለ 4ቱ ደውዬ አላውቅም፤ ጊዜ አልነበረኝም። ጊዜዬን ከፍዬ አተርፋለሁ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝና ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ኩፖን በኩፖን ላይ መደረቡን ግን አትንኩብኝ። ያ ከልጆቼ ጀርባ ላይ ያለ ጃኬት ነው።

የልብስ መደብር ሠራተኛ፣ ፌርፋክስ

አንድ ለሥራ የሚጠቅም ነገር ላክል። ስልክ የሌለው ገዢ ገንዘብ ተቀባዩን በአክብሮት ቢጠይቅ፣ በብዙ ቦታ ገንዘብ ተቀባዩ ቅናሹን ራሱ የመስጠት ፈቃድ አለው። እኛም አለን። ግን ካልተጠየቅን እንድናነሣው አይነገረንም። ስንት እናቶች ዝም ብለው ከፍለው እንደሚሄዱ እኔ አውቃለሁ። አወያይ እናትህን ያስተናገደው ሰው ከፍላጎቱ አይመስለኝም ያን ያደረገው።

አወያይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አከራካሪውን ሐሳብ አጥብቤዋለሁ። እህቴ ስለ ጃኬቱ ያለችው አሸንፎኛል፤ ገዢ በድካሙ የሚደርበውን ኩፖን ሕግ ይከልክል አልልም። የተማሪውንም ተቀብዬ ለእናቴ መተግበሪያውን ጭኜላታለሁ። ሆኖም የይለፍ ቃሉን በእንግሊዝኛ ሲጠይቃት እኔው ነኝ የምሞላላት፤ ስለዚህ ችግሩ ተፈታ አልልም።

እኔ ያለሁበት የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ በዋና ከተማው አናፖሊስ ይከፈታል፤ የሚቀመጠው 90 ቀን ብቻ ነው። ለወረዳችን ተወካዮች የምልከው ደብዳቤ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ መደርደሪያ ላይ የተለጠፈ ዲጂታል ዋጋ ለጠየቀ ሁሉ በወረቀት ይሰጥ፣ ወረቀቱም እዚያው መደርደሪያው ላይ ይሁን። ሁለተኛ፣ እንደ ኮነቲከት ከሪቤት በኋላ ያለውን ዋጋ የሚያስተዋውቅ በዚያው ዋጋ ያስከፍል። ሦስተኛ፣ የመደብር ካርድ ሲቀርብ ወለዱ ከቅናሹ እኩል በሆነ ፊደል ይጻፍ፣ ገንዘብ ተቀባዩም በቃል ይናገር።

የሦስት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ

እኔ የቨርጂኒያ ነዋሪ ስለሆንኩ አናፖሊስ አይሰማኝም። ቅጂውን ላክልኝና ለእኛ ዋና ከተማ ለሪችመንድ አስተካክዬ እልከዋለሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ እፈርማለሁ። በመጀመሪያው ላይ «ለጠየቀ ሁሉ» የሚለውን «ስልክ ለሌለው ወይም መጠቀም ለማይችል» ብለህ ብታርመው ያንንም እፈርማለሁ፤ ካላረምከው ግን ስሜን አታስገባው። ለእናትህም ንገርልኝ፦ ቅቤው እንደገና ሊረክስ ይችላል፣ እስከዚያ ሌላ አትግዛ።