ጣሪያው ቤት ሲደርስ ብቻ የሚያኮርፍ መኪና (ቮልስዋገን ኢዮስ፣ 2009 ሞዴል)

ባለ ኢዮስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። መኪና የምታውቁ ካላችሁ ገላግሉኝ። ባለፈው መጋቢት ያገለገለ ኢዮስ ገዛሁ። ጣሪያው ብረትና መስታወት ሆኖ፣ እየተጣጠፈ የኋላ ኮፈን ውስጥ የሚገባው ነው። ባለቤቴ «ሁለት ልጅ ያለው ሰው ጣሪያ የሌለው መኪና ይገዛል?» እያለች እስካሁን ትስቅብኛለች። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ደስ የሚለኝን ልንዳ ብዬ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጣሪያው ደስ ሲለው ይከፈታል። ደስ ካላለው ማብሪያውን ብነካው ብነካው ንቅንቅ አይልም። ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ፊት ሦስት ጊዜ ተከፈተ፣ ሦስት ጊዜ ተዘጋ፤ የጨዋ ልጅ ሆኖ አረፈው። ቤት መለስኩት፣ እምቢ። መካኒኩ ስደውልለት «ጣሪያውን የሚያነሳው ፓምፕ እየደከመ ነው፣ 1,800 ዶላር» አለኝ። ፊቱ ስድስት ጊዜ የሠራ ፓምፕ እንዴት እንደደከመ አልገባኝም።

ሌላም አለ፤ ይገናኝ አይገናኝ እንጃ። የኋላ ፓርኪንግ ሴንሰሩ በቀኝ በኩል ድመት ስታልፍ ሳይቀር ይጮሃል። በግራ ግን ዝም ነው። ዝም ማለቱን ያወቅኩት የጎረቤቴን የቆሻሻ በርሜል ገፍቼ ከጣልኩ በኋላ ነው።

ሹፌሩ፣ ዳላስ

ኮፈኑ ውስጥ ያለውን መጋረጃ አይተኸዋል? ሻንጣውን ከጣሪያው ማረፊያ የሚለየውን። እሱ በቦታው ካልተሰካ ጣሪያው አይነሳም። እኔን ኤርፖርት በር ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አላብቶኛል።

ባለ ኢዮስ

አይቼዋለሁ ወንድሜ፣ ተሰክቷል።

የመለዋወጫዋ፣ አትላንታ

ጋሼ፣ ገንዘብዎን እንዳያወጡ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ እምቢ ሲልዎት መኪናው የት ነው የሚቆመው? ከኋላውስ ምን አለ?

ባለ ኢዮስ

ቤት ምድር ቤት ፓርኪንግ ነው ያለን። ሁሌ በኋላ ማርሽ ነው የምገባው፣ ግድግዳው ሥር ድረስ ተጠግቼ፤ የታክሲ ልማድ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እምቢ አለኝ። እዚያ ከኋላዬ የቁጥቋጦ አጥር ነበረ። ነዳጅ ማደያ ግን አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ቆይ፣ አሁን ስጽፈው የሆነ ነገር ሸተተኝ።

የመለዋወጫዋ፣ አትላንታ

በደንብ ነው የሸተተዎት። የኢዮስ ጣሪያ አምስት ቁራጭ ነው። ሲከፈት ኮፈኑ ወደ ኋላ ተንጋሎ ለጣሪያው ቦታ ይለቅለታል። ያን ጊዜ ከፓራውልቱ አልፎ ይወጣል። ከኋላ ግድግዳ ካለ ይላተማል ማለት ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ያንኑ የፓርኪንግ ሴንሰር የጣሪያው ዘበኛ አደረገው። ሴንሰሩ ከኋላ ቅርብ ነገር ካየ ጣሪያው አይነሳም። የኋላ ማርሽ ስላላስገቡ የለመዱት ጩኸት የለም፤ ለዚህ ነው ሁለቱን ያላገናኟቸው። የጋራዡ ግቢ ደግሞ ሰፊ ይሆናል።

ሴንሰሩ የሚያየው በድምፅ ነው። ጆሯችን የማይሰማው፣ በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ይልክና ማሚቶውን ይጠብቃል። ግድግዳው አንድ ሜትር ላይ ከሆነ ደርሶ መልሱ 6 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ነው ርቀቱን የሚያሰላው። ፊቱ ላይ ጭቃ ወይ በረዶ ከተለጠፈ የሌለ ነገር ያያል፣ ወይ ያለውን አያይም። ጨርቅ የለበሰ ነገር ድምፁን ስለሚውጠው ያመልጠዋል፤ ቀጭን ምሰሶም እንደዚያው።

ለግራው ጣትና ጆሮ ይበቃሉ። ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ የኋላ ማርሽ ያስገቡ። ወርደው አራቱንም ሴንሰሮች በጣትዎ ጫፍ ይንኩ፣ ጆሮዎንም ጠጋ ያድርጉ። ደህናው «ቲክ ቲክ» ይላል። ዝም ያለው ወይ ከሌሎቹ የደከመው እሱ ነው በሽተኛው። ፓራውልቱ ግጭት ደርሶበት እንደገና ተቀብቶ ከሆነ ሴንሰሩ ላይ ቀለም ተደራርቦበት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የማየው እሱን ነው። እስኪስተካከል ግን በግራ ዘበኛ የለዎትም። ጣሪያ ከመክፈትዎ በፊት ወርደው ይዩ።

ባለ ቪትዝ፣ አዲስ አበባ

ጣሪያው የሚከፈት መኪና እኛ የምናየው ሰርግ ላይ ነው፤ ስለ ሴንሰሩ ግን ልጨምር። የኔን ሶማሌ ተራ ገዝቼ እዚያው አስገጠምኩት። ልጁ ፓራውልቱን ዝቅ አድርጎ በሳው። ከዚያ በኋላ ኮብልስቶኑን ግድግዳ እያለ ሲጮህ ከረመ። ከፍ አስደርጌ በድጋሚ አስበሳሁት፤ ዛሬ ፓራውልቴ ወንፊት መስሏል።

ሌላው ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ማሚቶ አይመልስም። ሴንሰሩ ዝም ብሏል ብዬ ወደ ኋላ ስሄድ አንድ ጎማዬ ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ገባ። አራት ጎረምሳ ነው ያወጣኝ፣ የሻይ ከፍዬ።

ባለ ኢዮስ

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዤ ወረድኩ። ትልቁ ሜትር ያዘ፤ ከፓራውልቱ እስከ ግድግዳው 25 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ማብሪያውን ነካሁ፣ እምቢ። መኪናውን አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት አስጠጋሁና ደግሜ ነካሁ። ተነሳ! ትንሿ ጮክ ብላ ቆጠረች፤ 25 ላይ ሲደርስ ሰማዩ ተከፈተ ልል ነበር፣ ግን ምድር ቤት ነን፣ የተከፈተልን ኮንክሪት ነው።

እሱን ካልኩ ዘንድ፣ ይሄ ዘበኛ ወደ ላይ አያይም ለካ። ጣሪያው ቀና ሲል ላያችን ላይ ያለው የውሃ ቧንቧ አንድ ስንዝር ነው የቀረው። ልቤ ቀጥ አለች።

ግራውንም አገኘሁት። ሦስቱ ቲክ ቲክ ይላሉ፤ የግራው ዳር እንደታፈነ ሰው ነው። በስልኬ መብራት ሳየው ቀለሙ ከሌሎቹ ወፈር ብሏል፣ መልኩም ትንሽ ይለያል። ሻጩ «ግጭት የሚባል አያውቃትም» ብሎኝ ነበር። ይሁን። ለመካኒኩ ደውዬ ፓምፑ ይቅርብኝ አልኩት፣ «እንደፈለግህ» ብሎ ዘጋው።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አዲሱ ሴንሰር በመኪናዬ ቀለም ተቀብቶ ነው የሚመጣው?

የመለዋወጫዋ፣ አትላንታ

ብዙውን ጊዜ ሳይቀባ ነው። ከመገጠሙ በፊት ፊቱን ብቻ ስስ አድርገው ያስቀቡት፣ ዙሪያው ያለውን የጎማ ቀለበት ቀለም እንዳይነካው። ሲያዙ የክፍሉን ቁጥር አሮጌው ጀርባ ላይ ያገኙታል።

ቧንቧዋስ እንዴት ናት?

ባለ ኢዮስ

ደህና ናት። ከዛሬ ጀምሮ በፊት ነው የምገባው፣ የምከፍተውም ውጪ ወጥቼ ነው።