አዲስ ላፕቶፕ ላይ አማርኛው ሳጥን፣ ጥያቄ ምልክት ወይም የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ሲመጣ

ጥያቄ፣ ከፍራንክፈርት

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ ኤክሴልና ዎርድ ጫንኩ። የእድራችንን ፋይሎች ስከፍታቸው ግን አማርኛው ጠፍቷል። አንዱ ላይ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው፣ ሌላው ላይ ጭረት ያለበት የፈረንጅ ፊደል ተደርድሯል፣ አንዱማ ከላይ እስከ ታች ጥያቄ ምልክት ነው። የአባላት ስም ዝርዝር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እሁድ ደግሞ ስብሰባ አለን። ምን ላድርግ?

መልስ፣ ከሙኒክ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድም ፋይል ሴቭ እንዳታደርጊ። የከፈትሽውን ዝም ብለሽ ዝጊው፣ ለውጡ ይቀመጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅሽ አይቀመጥ በይው። ከዚያ ለሁሉም ፋይል ኮፒ አውጪና ሥራሽን በኮፒው ላይ ብቻ ሥሪ። ይህን አጥብቄ የምለው ብዙ የማኅበርና የቤተ ክርስቲያን መዝገብ የሚጠፋው በመጀመሪያው ብልሽት ሳይሆን ሰው ተጨንቆ ሲነካካው ስለሆነ ነው።

ሦስቱ የተለያየ ችግር ነው፣ መፍትሔውም ለየብቻ።

ሳጥኑ ቀላሉ ነው። ጽሑፉ ደህና አለ፣ የጎደለው ፎንት ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ኢብሪማ ከሚባል ፎንት ጋር ስለሚመጡ አማርኛ በአብዛኛው ይነበባል። የለመድነው ኒያላ ግን አሁን ለብቻው የሚጫን ሆኗል። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ብለሽ ፈልጊና የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን ጫኚ። ካልሆነም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በነፃ ይገኛሉ።

ጭረት ያለበት የፈረንጅ ፊደል ሲመጣም ጽሑፉ አልጠፋም፣ ኤክሴል በተሳሳተ ኮድ እያነበበው ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል የዓለምን ፊደል ሁሉ በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 በሚባል ኮድ ሲቀመጥ 3 ባይት፣ ማለትም 3 የኮምፒውተር ማስቀመጫ ቦታ፣ ይወስዳል። ኤክሴል ፋይሉን የምዕራብ አውሮፓ ጽሑፍ ነው ብሎ ሲከፍተው እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከበደ የሚለው ስም 9 ቦታ ይይዛል፣ በየ3ቱ መጀመሪያ ላይም አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ ኤ ትመጣለች። እሷን ደጋግመሽ ካየሻት ደስ ይበልሽ፣ ስሞቹ አሉ።

መፍትሔው ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጎ አለመክፈት ነው። ባዶ ኤክሴል ክፈቺ። ጀርመንኛ ከሆነ ዳተን የሚለው ውስጥ ግቢና አውስ ቴክስት/ሲኤስቪ የሚለውን ምረጪ፤ ሲኤስቪ ማለት ዓምዶቹ በኮማ ወይም በመሰል ምልክት ብቻ የተለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፋይሉን ስታሳዪው አንድ መስኮት ይመጣል፣ ላዩ ላይ ዳታይኡርሽፕሩንግ (የፋይሉ ምንጭ) ይላል። እዚያ 65001 ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ስትመርጪ ስሞቹ ከታች ወዲያው በአማርኛ ይታያሉ። ስሙና ስልኩ አንድ ዓምድ ውስጥ ከተደፋ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ትሬንጻይሸን (መለያ ምልክቱን) ቀይሪ፣ ምክንያቱም ጀርመን ውስጥ ኮማው ለአስርዮሽ ቁጥር ስለሚያገለግል ኤክሴል የሚጠብቀው ነጥብና ኮማ ያለባትን ምልክት ነው፣ ከአሜሪካ የተላከ ፋይል ግን በኮማ የተለየ ነው። ስትጨርሺ በኤክሴሉ በራሱ ዓይነት አስቀምጪው። የግድ ሲኤስቪ ካስፈለገ ዩቲኤፍ-8 የሚል ከጎኑ ያለበትን ሲኤስቪ እንጂ ተራውን አትምረጪ።

ጥያቄ ምልክቱ የሚያሳዝነው ነው። እሱ የሚመጣው ደህናውን ፋይል አንድ ሰው ተራ ሲኤስቪ አድርጎ ሲያስቀምጠው ነው። በዚያ ኮድ ውስጥ ለአማርኛ ቦታ ስለሌለ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ባለሙያ ከዚያ ፋይል ላይ ስሞቹን አይመልስም። ድሮ የተላከ ኢሜይል ፈልጊ፣ የቀድሞ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ጠይቂ፣ አሮጌው ላፕቶፕ ላይም እዪ። አሮጌ ኮምፒውተር የምትሸጡ ሰዎች እባካችሁ መጀመሪያ ፋይላችሁን አውጡ።

ያልጠቀስሽው ግን እድር ሁሉ ቤት የማይጠፋ አራተኛ አለ። የመተዳደሪያ ደንባችሁ ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ዎርድ ላይ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ስለዚህ ያንን ጽሑፍ ኒያላ ማድረግ አይሠራም። የድሮውን ፎንት ጫኚ፣ ይነበባል፣ ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪው፣ ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ይዞራል። ከተዞረ በኋላ አንድ ሰው ከፒዲኤፉ ጋር እያስተያየ ያንብበው፣ በተለይ ቁጥሩንና የመዋጮውን አንቀጽ።

የዊንዶውሱ ቋንቋ ጀርመንኛ መሆኑ ለዚህ ሁሉ ምንም አያደርግም፣ እሱን አትንኪው። የድሮ ፕሮግራሞችን ቋንቋ የሚወስነው ቦታ ላይ፣ ገና በሙከራ ላይ ነው ተብሎ የተቀመጠ የዩቲኤፍ-8 ምርጫ አለ። ሰዎች አብሪው ይሉሻል። የሒሳብ ወይም የግብር አሮጌ ፕሮግራም ካለሽ ኡምላውቱን፣ ማለትም ሁለት ነጥብ ያለባቸውን የጀርመን ፊደላት፣ ሊያበላሽብሽ ስለሚችል ተይው።

ጥያቄ፣ ከነታንያ

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። እኛ ጋ ደግሞ ዎርዱ በዕብራይስጥ ነው የተጫነው። አማርኛው ይነበባል፣ ግን ጥያቄ ምልክቱና ቅንፉ ዘሎ ግራ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። አራት ነጥቡ ግን ቦታው ላይ ነው። ይህ ምንድን ነው?

መልስ፣ ከሙኒክ

አንቀጹ ከቀኝ ወደ ግራ ተብሎ ስለተቀመጠ ነው። አራት ነጥብ የራሳችን ስለሆነች ከግራ ወደ ቀኝ የምትሄድ ተብላ ተመዝግባለች፣ አትንቀሳቀስም። ጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ግን የሁሉም ቋንቋ ስለሆኑ አንቀጹ ወደሄደበት ይሄዳሉ። ጽሑፉን ሁሉ ምረጥና ኮንትሮልን ከግራው ሺፍት ጋር አንድ ላይ ተጫን። በቀኙ ሺፍት ከሆነ ወደ ዕብራይስጡ አቅጣጫ ይመልሰዋል።

ከፍራንክፈርት

የአባላቱ ዝርዝር ወጣ! 65001 ያልከው ነው የሠራው። ጥያቄ ምልክት የሆነው የዓምናው መዋጮ ነው፣ ገንዘብ ያዣችንን ደውዬ ጠይቄያቸው ኢሜይላቸው ውስጥ እየፈለጉ ነው። ኪቦርዱ ግን ዘ ስል የ ይጽፍብኛል።

ከሙኒክ

እሰይ! የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዜድና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ የዊንዶውሱ የአማርኛ ኪቦርድ ደግሞ የአሜሪካኑን አቀማመጥ ነው የሚከተለው። ዋይ የተጻፈባትን ስትጫኚ ዘ ይወጣል። ጋሼ ፋይሉን ካገኙት ሳይከፍቱት እንዳለ ወደ አንቺ ያስተላልፉት።