ዳማ ፈረሴ ለምን አያሸንፍም?

ሰላም ለሁላችሁ። ሃውርስ የተባለውን የኢንተርኔት የፈረስ እርባታ ጨዋታ ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ድረሱልኝ። አራት ኪሎ ካለው መሥሪያ ቤቴ ሳልወጣ የምሳ ሰዓቴን የሚጨርሰው ይኸው ነው፤ ባልደረቦቼም መሳቂያ አድርገውኛል።

የቸገረኝ የውድድሩ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ውድድር ሦስት ችሎታዎችን እንደሚመዝን ገብቶኛል። ሽምጥ ግልቢያው ግልቢያን፣ ፍጥነትንና ድሬሳዥን (ፈረሱ የጋላቢውን ትእዛዝ ተከትሎ በሥርዓት የሚንቀሳቀስበትን ችሎታ) ያያል፤ የመሰናክል ዝላዩ ደግሞ ዝላይን፣ ፍጥነትንና ድሬሳዥን። ዳማዬ በግልቢያም በፍጥነትም የሚታማ አይደለም። ድሬሳዡ ግን ደካማ ነው፤ ጥርጣሬዬም እዚያ ላይ ነው። ሦስቱ ነጥቦች እኩል ይደመራሉ ወይስ አንዱ ይበልጥ ይመዝናል? ዕድልስ ድርሻ አለው?

ጃንሜዳ ጉግስ ሲኖር ማን ማንን እንዳሸነፈ ቆሞ ማየት ይቻላል። እዚህ ግን ቁልፉን እንደተጫንኩ ውጤቱ ይመጣል፤ «ሰባተኛ» ይለኛል፣ አለቀ። የት እንደተሸነፈ የሚነግረኝ የለም!

ብሉፕ የሚሉት የእርባታ መለኪያ እንዲሞላ ደግሞ ፈረሱ 20 ድል ያስፈልገዋል። በየውድድሩ ጉልበቱ ስለሚቀንስ እንዳሻኝ አላስገባውም። ታዲያ መጀመሪያ ሥልጠናውን ልጨርስለት ወይስ ከአሁኑ ቀላል ቀላሉን እየመረጥኩ ላወዳድረው? ኮርቻና ልጓም ላይ ገንዘብ ማውጣትስ ያዋጣል? ገንዘቤ ጥቂት ስለሆነ ሳልገዛ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።