ፍራንክፈርት ሆኜ ደህና የሐረር ቡና ከየት ላግኝ?

የከዚራ ልጅ (ፍራንክፈርት)፦
ሰላም ያገሬ ልጆች። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ አሁን የምኖረው ፍራንክፈርት። የሱፐርማርኬቱ ቡና አልሆነልኝም። አብዛኛው ያረረ ነው፤ መቼ እንደተቆላም አይታወቅም። እናቴ ሰው ስታገኝ ቆልታ ትልክልኛለች። ግን መንገደኛ ሁሌ አይገኝም፤ የመጣውም ሳያልቅ መዓዛው ይጠፋል። በትንሽ በትንሹ እየቆሉ የሚሸጡ ቤቶች እዚህም አሉ። እውነተኛ የሐረር ቡና የያዘውን በምን ልለየው? የምፈልገው ለጀበና የሚሆን ነው። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የመጋዘን ሰው (ድሬዳዋ)፦
እህቴ፣ እኔ የምሠራው ቡና መጋዘን ውስጥ ነው፤ ስለ ጥሬው ልንገርሽ። የሐረርጌ ቡና አይታጠብም። ከነልባሱ ፀሐይ ላይ ደርቆ ጀንፈል ከሆነ በኋላ ነው የሚፈለፈለው። ያ የለመድሽው ወይን ወይን የሚል መዓዛ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ «ናቹራል» የሚለውን ፈልጊ። ሐረር ተብሎ የታጠበ ነው ካሉሽ ጠርጥሪ።

«ኢትዮጵያ» ብቻ የሚል ጽሑፍ ምንም አይነግርሽም፤ ከጂማም ከጉጂም ሊሆን ይችላል። ባለቤቱን ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ ጠይቂው። ገለምሶ፣ በደኖ ወይም ደደር ካለሽ ቡናውን የሚያውቅ ሰው ነው። የስንት ዓመት ምርት እንደሆነም ጠይቂ። ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ደርቆ፣ የተበላሸው ተለቅሞ ወጥቶና በጅቡቲ ተጭኖ እናንተ ጋ ሲደርስ ወራት ያልፋሉ። ከመስከረም በኋላ «አዲስ ምርት» የሚሉሽ ያለፈው ዓመት ለቀማ ነው፤ ያ ችግር የለውም። ከዚያ በፊት የነበረ ከሆነ ግን ተይው፤ ጆንያ ጆንያ ይላል።

ዋጋው ብዙ ከረከሰም አትመኚው። ሐረርጌ ውስጥ ስንቱ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። የቀረው ቡና ርካሽ ሊሆን አይችልም። ይህን ስጽፍ ራሱ ያመኛል።

ኮሎኝ ነዋሪ፦
እዚሁ ጀርመን ያለሁ የሐረር ልጅ ነኝ። መጀመሪያ የምታይው የተቆላበትን ቀን ነው። ብዙ ፓኬት ላይ ያለው የመጠቀሚያ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱ አይጠቅምሽም። ጥሩ ትንሽ መቁያ ቤት የቆላበትን ቀን ጽፎ ይለጥፋል። ከተቆላ ከጥቂት ቀን በኋላ እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ጠጪው። በዚያው ቀን አይመከርም፤ ሲቆላ ውስጡ የታመቀው ጋዝ መውጣት አለበት። 250 ግራም 250 ግራም ግዢ፤ ሳይፈጭ።

ሌላው፣ ጀርመን የተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር አላት። ከውጭ አገር በፖስታ ያዘዝሽው የተቆላ ቡና ይህን ሊያስከፍልሽ ይችላል። ጥሬ ቡና ላይ ግን ይህ ግብር የለም።

እማማ ጁገል (ሐረር)፦
ልጄ፣ ጥሬውን ግዢና ራስሽ ቁዪ! መቁያ ቤቶቹ ጥሬም ይሸጡልሻል። ጥሬ ቡና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል፤ የተቆላው ግን መዓዛው ይሸሻል። ወፈር ያለ የብረት ምጣድ ይበቃሻል። የተሰበረውን ልቀሚ፣ እጠቢው፣ መካከለኛ እሳት ላይ ሳታቋርጪ አማስይ። የሐረር ፍሬ ትልቅና ትንሽ ስለሆነ እጅሽ ካረፈ ግማሹ ያርራል። መንጣጣት ጀምሮ ጋብ ሲል ተጠንቀቂ። ወዙ ሳይወጣ፣ ቡናማ እንዳለ አውርጂው። ቶሎ ሰፌድ ላይ ገልብጪውና አራግቢው፤ ምጣዱ ላይ ከተውሽው መቆላቱን አያቆምም። ከአንድ ኪሎ ጥሬ 850 ግራም ገደማ ታገኛለሽ።

ኮሎኝ ነዋሪ፦
እማማ እውነታቸውን ነው። ብቻ ጀርመን ቤት ሁሉ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለው። በረንዳ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቁዪ፤ ጎረቤትም ቀድመሽ ንገሪ።

የዲሲ ወንድም፦
አሜሪካ ላላችሁ፦ ጥሬም የተቆላም ቡና ይዞ መግባት ይቻላል። ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ ጥሬውን አይቀበሉም። ጉምሩክ ላይ ግን መያዛችሁን ተናገሩ።

የከዚራ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እማማ ኑሩልኝ። አንድ ነገር ልጨምር። አንድ መቁያ ቤት ናቹራል ሐረር አገኘሁ፤ ቀኑም አዲስ ነው። ጀበና ላይ ግን ይጎመዝዛል። ለምን?

ኮሎኝ ነዋሪ፦
እነሱ ለፊልተር፣ ማለትም በወረቀት ማጣሪያ ለሚንጠባጠብ ቡና፣ ስለሚቆሉ ቶሎ ያወርዱታል። ለጀበና ትንሽ ጠቆር ማለት አለበት። ሄደሽ ንገሪያቸው፤ በትንሹ የሚቆላ ቤት ጥቅሙ ይኼ ነው። ኪሎ ካዘዝሽ እንደፈለግሽው የሚቆሉልሽ አሉ። አፈጫጨቱንም አድቅቂው፤ ለፊልተር የተፈጨ ለጀበና ሻካራ ነው።

የመጋዘን ሰው፦
ውሃውንም አትርሺ። የድሬ ውሃ ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ማንቆርቆሪያው ሁሉ ነጭ ይለብሳል። ከባድ ውሃ የቡናን ጉምዛዜ ያለዝባል። የለመድሽው ጣዕም በከፊል ከዚያ ነው። እዚያ በማጣሪያ የወጣ ውሃ እየተጠቀምሽ ከሆነ በቧንቧው ሞክሪው።