ጀልባችን ጠባብ ውሃ ውስጥ ስትገባ ለምን ታፈነግጣለች?

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ወገን። ሎጎ ሐይቅ ላይ ሰው የምናመላልስባት ጀልባ 7 ሜትር ናት፤ ሞተሯ 15 የፈረስ ጉልበት፣ በእጀታ የሚመራ። ሰፊው ውሃ ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ደንገሉ መሐል ወዳለው ጠባብ መተላለፊያ ገብተን ቀኝ ዳሩን ስንጠጋ ግን አፍንጫዋ ድንገት ወደ ግራ ይወረወራል፣ ኋላዋ ደንገሉ ውስጥ ይገባል። ጥልቀቱ 1 ሜትር ቢሆን ነው። ከሞተሩ ይሆን?

አርዲቦ፦
ጋዝ ጨምርበት፤ ኃይል ሲያገኝ ይታዘዝልሃል።

የወደብ ልጅ፦
አብሽር፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጋዝ መጨመሩ ግን ችግሩን ያባብሰዋል። በጀልባዋና በዳሩ መካከል ያለው ውሃ ቦታ ስለሚጠበው ፈጥኖ ያልፋል። ያኔ ግፊቱ ይቀንስና ኋላዋ ወደ ዳሩ ይሳባል፤ ከፊት የሚጠራቀመው ውሃ ደግሞ አፍንጫዋን ወደ ማዶ ይገፋል። ትልልቅ መርከቦችን ቦይ ውስጥ የሚያስቸግራቸውም ይኸው ነው።

ከታችም ጣጣ አለ። ውሃው ጥልቀት ከሌለው ጀልባ ስትሮጥ ዝቅ ትላለች። ይህ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንስ ወደ ሩብ ይወርዳል። 1 ሜትር ውሃ ላይ ማዕበል በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ወደዚያ ፍጥነት ከተጠጋህ ኋላዋ ይቀበራል። በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር አትለፍ።

ፍጥነት የሚቀነሰው ከመግባትህ በፊት ነው። ውስጥ ሆነህ ጋዙን ድንገት ከለቀቅህ የራሷ ማዕበል ከኋላ ደርሶ ያነሳታል፤ ፕሮፔለሩ (ከሞተሩ ሥር የሚሽከረከረው) ካልገፋ ደግሞ መሪ የለህም። መሐሉን ያዝ። ወደ ግራ ካፈነገጠች እጀታውን ወደ ግራ ገፍተህ ለአፍታ ጋዝ ስጥ፤ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይመለሳል። አርዲቦ ያልከው ለዚች አፍታ ብቻ ይሠራል።

ኮምቦልቻ ሞተር፦
ሰፊው ውሃ ላይም ወደ አንድ ጎን ብትጎትት ኖሮ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ክንፍ አስተካክል እልህ ነበር፤ ያንተ እሱ አይደለም። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ግን ሞተሩን አንድ ጥርስ (የማዘንበያውን አንድ ደረጃ) ወደ ላይ አንሳው፤ የማቀዝቀዣ ውሃ የሚስብበት ቀዳዳ ግን ከውሃ እንዳይወጣ። ከሞተሩ የሚረጨው ቀጭን ውሃ ከሳሳ ወዲያው አጥፋ፤ ጭቃ ወይ ሣር ዘግቶታል፣ ዝም ካልከው የፓምፑ ጎማ ይቃጠላል። ደንገል ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ በዝግታ የኋላ ማርሽ ለጥቂት ሰከንድ። ካልለቀቀ አጥፍተህ፣ የማጥፊያውን ገመድ ነቅለህ፣ በእጅህ አውጣው።

ሐይቅ ዳር፦
ሰው ሲሞላስ?

የወደብ ልጅ፦
ኋላ ካሉት ሁለቱን ወደ መሐል አምጣ። ወደ ፊት ግን አታብዛ፤ አፍንጫዋ ከከበደ እሷን መመለስ ይብስ ያስቸግራል። 3 ሜትር እንጨትም ያዙ፤ ደንገሉ ውስጥ ከገባች በሞተር ከመታገል በእንጨት መግፋት ይቀላል።