ታካሚው ተሽሎታል፣ ቤተሰቡ ግን ስልክ አያነሳም። እናንተ ከየት ትጀምራላችሁ?

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ሆስፒታል የአዋቂዎች አእምሮ ሕክምና ክፍል ሶሻል ወርከር ሆኜ ከተቀጠርኩ 8 ወር ሆነኝ። ታካሚዎቹ "ሲስተር" ነው የሚሉኝ፣ ነርስ አይደለሁም ብዬ ማስረዳቱን ትቼዋለሁ። ስማር ሥራዬ ቁጭ ብሎ ማማከር ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የቀኔ ግማሽ በስልክ ነው የሚያልቀው። ጠዋት ከሐኪሞቹ ጋር ዙር እገባለሁ። ከዚያ ለነፃ ሕክምና የወረዳ ደብዳቤ የጎደላቸውን አያለሁ፣ ከዚያ እስከ ምሳ ድረስ ለቤተሰብ እደውላለሁ። ዝግ ነው፣ አይነሳም፣ "ተሳስተሻል"፣ ዝግ ነው።

የዛሬ ጥያቄዬ ስለ አንድ ሰው ነው። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው፣ ከደብረ ብርሃን በኩል ነው የመጣው። ሲገባ ሦስት ሰው ይዞት ነበር፣ እጁ ላይ የገመድ ቁስል ነበረበት። አሁን እንቅልፉ ተስተካክሏል፣ ይበላል፣ ከሰው ጋር ይጫወታል፣ የዋርዱን የተሰበረ ወንበር በሚስማር የጠገነው እሱ ነው። ሐኪሙ መውጣት ይችላል ብሎ ከጻፈለት 5 ሳምንት አለፈ። ያመጣው ወንድሙ መጀመሪያ "በሚቀጥለው ሳምንት" አለኝ። ቀጥሎ "ደመወዝ ልቀበልና" አለኝ። አሁን አያነሳም። በሌላ ቁጥር ስደውል ድምፄን ሲሰማ ይዘጋዋል።

ሰውየው በየጠዋቱ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ፌስታሉን እግሮቹ መሀል ያስቀምጠዋል። ሳልፍ "ደወልሽ?" ነው የሚለኝ፣ ሌላ ነገር የለም። ትናንት ግን አልጠየቀኝም። ፌስታሉንም አልያዘም። ይሄ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ነርሶቹ አልጋው ይለቀቅ ይላሉ፣ ልክ ናቸው፣ ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ የታመመ ሰው አለ። አንዱ ባልደረባዬ "መቄዶንያ ይቀበሉት እንደሆነ ጠይቂ" አለኝ። እነሱ የሚሠሩት ሥራ ትልቅ ነው፣ ግን ይሄ ሰው እናቱ በሕይወት አለች፣ እጁ ላይ የእንጨት ሥራ ሙያ አለ። ጎዳና ለወደቀና ማንም ለሌለው ሰው የተዘጋጀ ቦታ እንዲይዝ አልፈልግም።

በዚህ ሥራ የቆያችሁ፣ ቤተሰብ አልወስድም ሲል ከየት ትጀምራላችሁ? ማታ ቤት ስትገቡስ እንዴት ነው የምትተዉት?

12 ዓመት በዋርድ

እህቴ፣ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር። ፌስታሉን ያልያዘበት ቀን ቀላል ቀን አይደለም። ዛሬውኑ ሄደሽ አጠገቡ ተቀመጪና አናግሪው። ተስፋ ቆርጦ እንደሆነ፣ ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂው። ብዙ ሰው "ከጠየቅኩት ሐሳቡን አስገባበታለሁ" ብሎ ይፈራል። አታስገቢበትም። ይልቅ የሚተነፍስበት ሰው አገኘ ማለት ነው። ለተረኛ ነርስና ለሐኪሙም ዛሬውኑ ንገሪ፣ ካርዱ ላይም ይጻፍ።

አሁን ወደ ወንድሙ። እኔ ከጻፍሽው ያየሁት "አልወስድም" ያለ ሰው አይደለም። ስልክ የዘጋ ሰው ነው። አልወስድም ያለ ሰው ወስኗል። ስልክ የሚዘጋ ሰው ግን አንድም አፍሯል፣ አንድም የሚመልሰው ጠፍቶታል። ስለዚህ "መጥተህ ውሰደው" የሚለውን አቁሚ። አምስት ሳምንት ያንኑ ሰምቷል።

በሁለተኛ ዓመቴ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ወንድሟን ጎትጉቼ ጎትጉቼ አስወሰድኳት። ፈረመ፣ ሄዱ፣ እኔም ደስ አለኝ። በ19ኛው ቀን ተመለሰች፣ ከመጀመሪያው ብሶባት። ምን ሆነ? ቤቱ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው። አከራይዋ "ይቺ ልጅ እዚህ ካደረች ውጡልኝ" ብላቸዋለች። የወንድሟ ሚስት ደግሞ ባለፈው ጊዜ በፈላ ሻይ ተቃጥላ ነበር፣ እጇ ላይ ጠባሳው አለ። መድኃኒቱን ትሰጣለች ብለን የተማመንነው በእሷ ነው። ከሆስፒታሉ እሷን ያናገራት ሰው ግን የለም። እኔም አላናገርኳትም። ባሏ ፈረመ፣ በቃ። ሴትየዋ ማታ ማታ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ልጆቿን አቅፋ ነበር የምታድረው። መድኃኒት ለመስጠት እንኳ ትፈራ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አለኝ። ምግቡን የሚያበስለው ማን ነው፣ ማታ በር የሚዘጋው ማን ነው፣ ኪኒኑን የሚሰጠው ማን ነው? ከዚያ ሰው ጋር ለብቻው ሳላወራ ማንንም አላስወጣም። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው ፈራሚው አይደለም። ሚስት ናት፣ አሮጊት እናት ናት፣ የ15 ዓመት እህት ናት።

ወንድምየው እንቢ ካለ ሌላ መንገድ ፈልጊ። ቤቱ ገጠር ከሆነ ለአካባቢው ጤና ጣቢያ ደውለሽ የዚያን ቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቂ፣ የቤቱን አጥር እንኳ ታውቀዋለች። ከተማ ከሆነ የወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ አለ። እድር ጋ ግን ታካሚው ራሱ እሺ ሳይል አትሂጂ። አንዴ እድር ላይ ከተሰማ ያ ሰው ሥራ የሚሰጠው አያገኝም።

የማታውን በተመለከተ፣ ከቢሮ ከመውጣቴ በፊት ነገ መጀመሪያ የምሠራውን አንድ ነገር ደብተር ላይ እጽፍና ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ እሄዳለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ቡና አለን፣ የከበደንን እንነጋገራለን። አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም።

የታማሚ ወንድም

ባለሙያ አይደለሁም። ግን ስልክ ከማያነሱት አንዱ እኔ ነበርኩና መጻፍ አለብኝ።

ታናሽ ወንድሜ አራት ጊዜ ተኝቶ ታክሟል። ሁልጊዜ ተሽሎት ይወጣል፣ ሁልጊዜ በሦስተኛው ወር "ድኛለሁ" ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል፣ ከዚያ ጫቱ ይመጣል፣ ከዚያ እንቅልፉ ይጠፋል። ሌሊት እየተነሳ ሲወጣ እኔ ተከትዬው እዞራለሁ፣ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። አንዱን ሥራዬን በዚህ ምክንያት ነው ያጣሁት። እናታችንን ገፍትሯት ጥርሷ ተሰብሯል፣ እሷ እስከ ዛሬ "አንሸራትቶኝ ነው" ነው የምትለው። ወጪውን ደግሞ ተዉት። ካርዱ ነፃ ቢሆን እንኳ ትራንስፖርቱ አለ፣ መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ አልቋል ሲባል ከውጭ መግዛቱ አለ። የጤና መድን አለን፣ ግን ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳናጽፍ፣ ማለትም ወደ ሆስፒታል የሚልከንን ደብዳቤ ሳናስጽፍ፣ በቀጥታ ስለወሰድነው አልሸፈነልንም። ማንም አልነገረንም ነበር። እባካችሁ ይሄንን ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ።

የሆስፒታሉ ቁጥር ስልኬ ላይ ሲመጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድሜን ጠልቼው አይደለም። እንደገና ያንን ሌሊት ማሰብ ስላልቻልኩ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ሶሻል ወርከር በማላውቀው ቁጥር ደወለች። ሊዘጋብኝ ነው ብላ ይመስለኛል ቶሎ ቶሎ እየተናገረች "ስለ እሱ አይደለም የደወልኩት፣ ስለ አንተ ነው፣ አንተ እንቅልፍ ትተኛለህ?" አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። አለቀስኩ። ያንን ጥያቄ በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ማውራት የጀመርነው። ሌሊት ቢነሳ ለማን እንደምደውል፣ ምን ምልክት ሳይ ቀድሜ ይዤው እንደምመጣ አንድ በአንድ ጻፈችልኝ። ወረቀቱ እስከ አሁን ከቁም ሳጥኑ በር ጀርባ ተለጥፎ አለ።

የአንቺንም ሰው ወንድም እንዲህ ሞክሪው።

ሳይካትሪ ነርስ፣ ከቡታጅራ መንገድ

ከ12 ዓመት በዋርድ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። "ካላናገርኩ አላስወጣም" የሚለው አዲስ አበባ ላይ ይሠራ ይሆናል። እኛ ጋ ኪኒኑን የምትሰጠው ሴት ስልክ የላትም፣ ቤቱ ከመኪና መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እሷ እስክትገኝ ሰውየውን ካቆየነው እርሻው ያልፈዋል። ስለዚህ እኛ ማናገሩን ከወጣ በኋላ ነው የምናደርገው፣ በመጀመሪያው ሳምንት።

እኔ መጨመር የምፈልገው ስለ ክትትል ነው። ድሮ አማኑኤል ብቻ በነበረበት ጊዜ ሰው ከወሎና ከአርሲ ድረስ ለአንድ ወር ኪኒን አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። አንዴ የትራንስፖርት ብር ካጣ መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ከተቋረጠ ያገረሻል። አሁን በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ደብረ ብርሃንም አለ። ስለዚህ ሲወጣ "በወሩ ተመለስ" ብላችሁ ብቻ አትላኩት። ክትትሉን ቤቱ አጠገብ አዙሩለት፣ የሚወስደውን መድኃኒት ከነመጠኑ በግልጽ ጽፋችሁ ስጡት፣ በግልጽ ያልተጻፈ ወረቀት ይዞ የመጣውን ሰው ስንቱን አንገላታን መሰላችሁ።

ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ቤት ውስጥ ጠብ የሚያስነሳ ከሆነ ሐኪሙን ስለ መርፌው ጠይቁ፣ ሞዲኬት። በየሁለት ሳምንቱ ወይም በወር አንዴ ነው የሚወጋው፣ በየማታው "ዋጥክ? አልዋጥክም?" የሚለው ጭቅጭቅ ይቀራል። እጁ ቢንቀጠቀጥ ወይ ሰውነቱ ግትር ቢል ደግሞ ቤተሰብ "መድኃኒቱ አደነዘዘው" ብሎ ያስቆመዋል። ይሄ ሊመጣ እንደሚችልና የሚረዳው ሌላ መድኃኒት እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጸበልም አለ። ቤተሰቡ ጸበል ሊወስደው ካሰበ አትከራከሯቸው፣ ተከራክራችሁ አታሸንፉም፣ ማሸነፍም አያስፈልግም። እኔ "ኪኒኑን ይዞ ይሂድ" ነው የምለው። አጥማቂው ከተጠራጠረ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም ለኤች አይ ቪ ታማሚዎች መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው እንደሚሄዱ መናገራቸውን አነሳላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ይሰሙኛል። በሰንሰለት የታሰረ ካገኘሁ ግን ዝም ብዬ አላልፍም።

እዚህ አካባቢ ሶዶ ወረዳ ላይ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሰልጥነው ለአንድ ዓመት ቤት ለቤት ይሄዱ ነበር። ከታማሚውም ከቤተሰቡም ጋር ነው የሚሠሩት፣ ወደ ሥራና ወደ ማኅበር እስኪመለስ ድረስ። ውጤቱም ጥሩ ነበር። ሰውየው ቤት ከገባ በኋላ የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ለውጥ አለ። የአንቺ ሆስፒታል መኪና ባይሰጥሽም ስልክ አለሽ። በወጣ በሦስተኛው ቀን ደውይ፣ በአሥረኛው ቀን ደውይ።

ታክሜ የወጣሁ

ሁሉም ጥሩ ምክር ነው። ግን አንድ ሰው ረስታችኋል። እሱ ራሱ የት መሄድ እንደሚፈልግ ጠይቃችሁታል?

እኔ ስታከም ስለ እኔ ከአጎቴ ጋር ሲነጋገሩ እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ስሜን ሰምቻለሁ። አጎቴ ጋ መሄድ አልፈልግም ነበር። እሱ ጋ ሳለሁ ነው የታመምኩት። የሚቀበለኝ የልጅነት ጓደኛዬ ነበር፣ ቁጥሩንም በቃሌ አውቀው ነበር፣ ግን የጠየቀኝ የለም። እንደ ዕቃ ማን ይረከበው ሲባል መስማት ከበሽታው በላይ ያማል።

ስልኩን ስትደውዪ አጠገብሽ ይቀመጥ። ድምፁን ያሰማቸው። ቤተሰቡ የሚያስታውሰው የታሰረውን ሰው ነው፣ ይሄኛውን አላዩትም።

ጀማሪዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጻፍኩ 6 ቀን ሆነ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

በዚያው ቀን አናገርኩት። ራሱን ስለማጥፋት ጠየቅኩት፣ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብዙ ዝም አለ። "መሞት አላሰብኩም፣ መጠበቁ ሰልችቶኝ ነው" አለኝ። ለሐኪሙ ተነግሮ ራሱ መጥቶ አይቶታል፣ ነርሶቹም እየተከታተሉት ነው።

ቀጥዬ የት መሄድ ትፈልጋለህ አልኩት። ወንድሙ ጋ አይደለም። ታላቅ እህቱ ጋ ነው፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ጠላ ትሸጣለች። በ5 ሳምንት ውስጥ ስሟን አልጠራልኝም ነበር፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ቁጥሯን አያውቅም፣ ግን የሱቅ ጎረቤቷን ቁጥር ያውቃል። አጠገቤ አስቀምጬው ደወልኩ። ሆስፒታል እንደሆንን አልተናገርኩም፣ "ወንድሟ ነው የሚፈልጋት" ብቻ አልኩ። እህቱ መጥታ ስልኩን ስትይዝ እሱ "እታለም፣ እኔ ነኝ" አላት። ሞቷል ብለው ነግረዋት እንደነበር ከዚያ በኋላ ነው ያወቅነው። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም።

እሁድ ትመጣለች። ልወስደው አይደለም፣ ላየው ነው ብላለች። እኔም ይሄ ይበቃል አልኳት። ቤቷ ጠላ ቤት መሆኑ ያሳስበኛል፣ ስትመጣ ስለ መጠጡና ስለ መድኃኒቱ በግልጽ እናወራለን።

ለወንድምየው ደግሞ መልእክት ጻፍኩለት። "የታማሚ ወንድም" እንዳልከው፣ ስለ እሱ ሳይሆን ስለ አንተ ላወራህ ነው አልኩት። ሁለት ቀን ዝም አለኝ። ትናንት ማታ 5 ሰዓት ላይ መለሰልኝ፦ "ነገ 7 ሰዓት ደውይ። የምሳ ሰዓቴ ነው። ውጭ ወጥቼ አነሳዋለሁ።"